የቴሌግራሙ ባለ ቀለበት ሥዕል፦ መሬት አበጠ ማለት ተራራው ሊፈነዳ ነው ማለት ነው?

ስድስተኛ ፎቅ (ክሩን የከፈቱ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ለእራት እንደተቀመጥን ከጣራው የተንጠለጠለው አምፖል በገመዱ መወዛወዝ ጀመረ፤ መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ነፋስም አልነበረም። ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ እና የካቲት 7 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይም እንዲሁ ሆኖ፣ ጋቢ እንደተከናነብን ከጎረቤቶቻችን ጋር ደረጃው ላይ ተገናኝተናል።

የዛሬው ጥያቄዬ ግን ስለ መንቀጥቀጡ አይደለም። ባለፈው ሳምንት በሕንፃችን የቴሌግራም ቡድን አንድ ሥዕል ተለጠፈ። አንድ ተራራ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያሉ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ፤ መሃሉ ደማቅ ቀይ ነው። ከሥሩ «ሳተላይት ያነሣው ነው፣ ካልዴራው እያበጠ ነው፣ የሚሰማ ይስማ» ይላል። ካልዴራ የሚሉት የእሳተ ገሞራ አናት ወደ ውስጥ ፈርሶ የሚቀረውን ሰፊ ጎድጓዳ ነው። የተራራው ስምም ሆነ ቀን አልተጻፈበትም። ከጎረቤቶቼ አንዱ ይህን አይቶ ልጆቹን ወደ ጎጃም ዘመድ ቤት ሊልክ ተነሥቷል። እንዲህ ያለ ሥዕል እንዴት እንደሚነበብ፣ መሬት ማበጡም በእርግጥ ምን እንደሚያመለክት የምታውቁ ካላችሁ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

የአራት ኪሎዋ

እርስዎ በስድስተኛ ፎቅ የተሰማዎትና ሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አምፖሉን ያወዛወዘው ከፈንታሌ እሳተ ገሞራና ከአዋሽ አካባቢ ተነሥቶ በምድር ውስጥ ያለፈ ማዕበል ነው፤ ሕንፃው ከፍ ባለ መጠን ውዝዋዜው ይጎላል፣ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን የእርስዎ ወለል ወደነበረበት ቦታ ተመልሷል። ሥዕሉ የሚለካው በተቃራኒው ሳይመለስ የቀረውን ለውጥ ነው፤ ማለትም መሬቱ ባንድ ቀን የነበረበትንና ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ የተገኘበትን ቦታ ያነጻጽራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ምሕዋር የወጣው ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲሜትር የሆነ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ተመልሶ የሚመጣውንም ይቀበላል። በየ12 ቀኑ ወደ ተመሳሳይ መሥመር ስለሚመለስ የሁለት ቀን ልኬቶችን አስተያይቶ ሞገዱ ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ማወቅ ይቻላል። ሞገዱ ሄዶ ስለሚመለስ መሬቱ በ2.8 ሴንቲሜትር ወደ ሳተላይቱ ቢቀርብ ወይም ቢርቅ ቀለሙ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ስለዚህ ቀለበቶቹን ከዳር ወደ መሃል ቆጥሮ በ2.8 ማባዛት ነው፤ አራት ቀለበት ካለ ከዳሩ አንጻር መሃሉ ወደ 11 ሴንቲሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ቀለም አደጋ፣ ሰማያዊው ሰላም አይደለም፤ ቀለሞቹ ልክ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እጅ የሚዞሩ ናቸው እንጂ መጠን አያሳዩም። ይባስ ብሎ፣ መሬቱ ማበጡ ወይስ መስመጡ የሚታወቀው ቀለሞቹ ከዳር ወደ መሃል በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈራረቁ በማየት ነው፤ ይህን የሚያስረዳ መግለጫ ከሥዕሉ ላይ ተቆርጦ ከተጣለ፣ «እያበጠ ነው» ያለው ሰው «እየሰመጠ ነው» ቢልም ሥዕሉ አይቃወመውም። ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ የትናንት ይሁን የዛሬ አሥር ዓመት አይታወቅም።

ባለ ሌቭል

ልጄ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ፤ ሳተላይት አላውቅም፣ ሌቭልና ስታፍ (የከፍታ መለኪያ መነጽርና ዘንጉ) ግን ዕድሜዬን በልተውኛል። አንድ ጨዋታ ላምጣና ወደ ጉዳዩ እመለሳለሁ።

አንድ ጊዜ ከፒያሳ ወደ ታች የከፍታ ልኬት ስንወስድ፣ መነሻ ያደረግነው ቤንች ማርክ (ከፍታው የታወቀ ቋሚ ምልክት) በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የተተከለ የነሐስ ቁልፍ ነበር። ስንዘጋ ልዩነቱ 4 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ቀን ሙሉ ከወደታች ያለው መሬት ሰመጠ ብለን ስንደክም ዋልን። በኋላ አንድ ሊስትሮ ነው የነገረን፤ ለቧንቧ ሲቆፈር ድንጋዩን ነቅለውት ነበር፣ ግንበኛውም «እንደነበረ» መልሶ ተክሎታል። የሰመጠ መሬት አልነበረም፤ የተነሣው መነሻችን ነበር። የሳተላይቱም ሥዕል ቢሆን አንድ «አልተንቀሳቀሰም» ተብሎ የተወሰደ ነጥብ አለው፣ ያ ነጥብ ከተንቀሳቀሰ የቀረው ሁሉ አብሮ ይዋሻል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ያለ ሥዕል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «መነሻው የት ነው?» ብዬ ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ይህ ትምህርት የተወለደው ከእኛው ሙያ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1914 በጃፓን ሳኩራጂማ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ተራራው የተቀመጠበት የአይራ ካልዴራ ዙሪያ ከዚያ በፊት በሌቭል ተለክቶ ነበር፤ ከፍንዳታው በኋላ ሲለካ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያለው መሬት እንደ ሳህን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኪዮ ሞጊ የተባሉት ሊቅ በ1958 እነዚህን የቀያሾች ቁጥሮች ወስደው፣ ከምድር በታች አንዲት ትንሽ ከረጢት ብትነፋ ወይም ብትተነፍስ ከላይ ያለው መሬት ምን ቅርጽ እንደሚይዝ አሰሉ። እስከ ዛሬም የመጀመሪያው ስሌት የሚሠራው በእሳቸው ቀመር ነው።

የቀመሩ ውበት በወረቀትና በእርሳስ መሠራቱ ነው። መሬቱ ከመሃል ያበጠበትን ከፍታ ውሰዱ፤ ከመሃሉ ምን ያህል ርቀት ላይ እብጠቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ለኩ፤ ያ ርቀት የከረጢቷ ጥልቀት 0.77 እጅ ነው። እብጠቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ላይ በግማሽ ከቀነሰ ከረጢቷ 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ አለች። ሰፊና ዝርግ እብጠት ከሩቅ፣ ጠባብና ሹል እብጠት ከቅርብ ይመጣል። እንጀራ በምጣድ ላይ ሲበስል ከሥር የሚወጣው አየር የሚሠራውን ዓይን ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

የአራት ኪሎዋ

ጋሼ፣ የቤንች ማርኩን ታሪክ ለተማሪዎች እንደምነግረው ይፍቀዱልኝ። በስሌቱ ላይ ጥቂት ልጨምር። ከረጢቷ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና መሃሉ 6 ሴንቲሜትር ቢያብጥ፣ የተጨመረው ይዘት ወደ 6.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ቢደፋ ከ6 ሜትር በላይ ይቆለላል ማለት ነው። ጥልቀቱን 7 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ግን ያው 6 ሴንቲሜትር ከ12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል። ጥልቀቱን በሁለት ኪሎ ሜትር መሳሳት ይዘቱን በእጥፍ ያሳስታል፤ አንድ ሥዕል ብቻ ይዞ «ይህን ያህል ማግማ (የቀለጠ አለት) ገብቷል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጥልቀቱን ከየት እንዳገኘው ጠይቁት።

ሌላው ነገር ሳተላይቱ የሚያየው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጎን በኩል ነው። የመሬቱን ወደ ላይ መነሣትና ወደ ጎን መሄድ ደባልቆ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይነግረናል። ለዚህም ሲባል ወደ ሰሜን ሲበርና ወደ ደቡብ ሲበር ያነሣቸውን ሁለት ሥዕሎች ማጣመር፣ ከተቻለም መሬት ላይ የተተከሉ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን ማከል ያስፈልጋል።

ሙግት ወዳድ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ጠቀመ? በኢጣሊያ ኔፕልስ አጠገብ ባለው በካምፒ ፍሌግሬይ ካልዴራ መሬቱ በ1982 እና በ1984 (እ.ኤ.አ.) መካከል 1.8 ሜትር ያህል ከፍ ስላለ ከፖዙዎሊ ከተማ 40,000 ያህል ሰው ከቤቱ ተነሣ። ፍንዳታ ግን አልመጣም። ሰዉ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ተራራው ተኛ። ዛሬ የእኛ ሰው በቴሌግራም ሥዕል ቢደነግጥ፣ እዚያም ባለ ሙያው ራሱ ደንግጦ ነበር። የመሬት ማበጥ ትንበያ ካልሆነ ለምን ይለካል?

ባለ ሌቭል

የእኔ ወንድም፣ ጥሩ ቦታ መረጡ፤ በፖዙዎሊ ላይ ግን አንድ ነገር ረሱ። በወደቡ አጠገብ ያለ ጥንታዊ የሮማውያን ገበያ አለ፤ ሦስት የእብነ በረድ ዓምዶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ከወለሉ ብዙ ከፍ ብሎ፣ እስከ 7 ሜትር ገደማ ድረስ፣ ድንጋዩ ባሕር ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ተበሳስቷል። መሬት ላይ የተሠራው ገበያ ባሕር ውስጥ ገብቶ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ከዚያም መልሶ ወጣ። ዓምዶቹ ግን አልወደቁም፤ በዝግታ ሄደው በዝግታ ተመለሱ። ያ መሬት ከጥንት ጀምሮ ሲተነፍስ የኖረ ነው። ከነዚያ ሁሉ ትንፋሾች በኋላ አንድ ጊዜ፣ በ1538፣ ፈነዳና «አዲስ ተራራ» ብለው የሰየሙትን ኮረብታ በጥቂት ቀናት አቆመ። ከ1984 በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ዝቅ እያለ ኖሮ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ እንደገና ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ውኃ ሸሽቶ መልሕቃቸው ጭቃ ላይ ሲያርፍ የአካባቢው ሰው በዓይኑ እያየ ነው።

የአራት ኪሎዋ

እኔም የሙግቱን ፍሬ ነገር አልጥለውም፤ ሌላውን ጎን ግን ላሳይ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የራባውል ከተማ የተሠራችው በካልዴራ ውስጥ ነው። እዚያም ከ1983 እስከ 1985 መንቀጥቀጡ በዝቶ፣ መሬቱ አብጦ፣ ሕዝቡ የመውጫ መንገድ ልምምድ አደረገ፤ ፍንዳታ አልመጣምና ብዙዎች እንደ እርስዎ «በከንቱ ደከምን» አሉ። በመስከረም 1994 (እ.ኤ.አ.) ግን ከአንድ ቀን ብዙም ያልበለጠ፣ ወደ 27 ሰዓት ያህል የሚቆይ መንቀጥቀጥ ተሰምቶ ሁለት ቦታዎች በአንድ ጠዋት ፈነዱ። ከተማዋ በአመድ ተቀብራ ጠፋች፤ ሕዝቡ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተለማመደውን መንገድ ያውቅ ስለነበር አብዛኛው ሰው ወጥቶ ተረፈ።

አንዱ ካልዴራ ከሌላው እንደሚለይ ለማሳየት ሌላ ልጨምር። በጋላፓጎስ ደሴቶች ያለው ሲዬራ ኔግራ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ፍንዳታው በኋላ 6.5 ሜትር ያህል አብጦ በ2018 እንደገና ፈነዳ፤ እዚያ የእብጠቱ ታሪክ በትክክል ወደ ፍንዳታ ያመራ ነበር። በአሜሪካ የሎውስቶን ደግሞ ከ2004 በኋላ በዓመት እስከ 7 ሴንቲሜትር ያብጥ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ ሰመጠ፤ የመጨረሻው የላቫ ፍሰቱም ከ70,000 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር እዚህ ምንም፣ ሌላ ቦታ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ፍርዱ የሚሰጠው በራሱ ካልዴራ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ያ ታሪክ የሚኖረን ደግሞ ሰላም በሆነበት ዓመት ሳይሰለቹ የሚለኩ ሰዎች ካሉ ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ የናብሮ ካልዴራ ሲፈነዳ በተራራው ላይ አንድም መሣሪያ አልነበረም፤ ቀድሞ ምን እንዳለ የሚናገር ልኬት በምድር ላይ አልተገኘም።

ቆርቤቲ ማዶ

ከሐዋሳ ነኝ፤ ለሥራ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ እኖራለሁ። እናቴና ታናናሾቼ ግን እዚያው ናቸው። ሁላችሁም ስለ ኢጣሊያና ስለ ጃፓን ስትጽፉ፣ የእኛ ኮርቤቲስ? ከሐዋሳና ከሻሸመኔ ጎን የተኛ ካልዴራ እንደሆነ፣ መሬቱም እያበጠ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አባቴ በሕይወት ሳሉ ከዚያ ተራራ የሚወጣውን እንፋሎት እየጠቆሙ «ይህ የእግዜር ድስት ነው» ይሉን ነበር። እውነቱን ንገሩኝ፤ እናቴን አዲስ አበባ ላምጣት ወይስ አላምጣት?

የአራት ኪሎዋ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ በዚህ ልኬት ምክንያት ማምጣት አያስፈልግዎትም፤ ለምን እንዳልሁ በቁጥር ላስረዳ። በሀገራችን ስምጥ ሸለቆ ያሉ ካልዴራዎች እንደሚንቀሳቀሱ በሰፊው የታወቀው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሰበሰቡ የሳተላይት ልኬቶች ተጣምረው በተነበቡ ጊዜ ነው። በላንጋኖና በዝዋይ መካከል ያለው አሉቶ በ2004 እና በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያህል ፈጥኖ አበጠ፣ ከዚያም በዝግታ እየሰመጠ ቆየ። ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ ግን ከ2009 ገደማ ጀምሮ ሳያቋርጥ በዓመት ወደ 6.6 ሴንቲሜትር ሲያብጥ በጥናት ተመዝግቧል። እንዲህ ሳይቆራረጥ የሚቀጥል እብጠት በብዙ ካልዴራዎች አይታይም።

ይህን ፍጥነት በሳተላይቱ 12 ቀን አካፍሉት፤ 2 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። በአንድ ጥንድ ሥዕል ላይ 2 ሚሊሜትር አይታይም፣ ከአየሩ እርጥበት የሚመጣው ስሕተት ብቻውን ብዙ ጊዜ ሴንቲሜትር ያህላልና። ስለዚህ አንድ ሰው የኮርቤቲ ነው ብሎ የ12 ቀን ሥዕል ላይ አራት ቀለበት ካሳያችሁ፣ ወይ ተራራው በአንድ ጊዜ ባህርዩን ለውጧል፣ ወይ ሥዕሉ የሌላ ነው፣ ወይ አየሩ ነው። የኮርቤቲ እብጠት የሚታወቀው የብዙ ዓመታት ሥዕሎች ተደራርበው፣ የዝናቡና የደመናው ስሕተት እርስ በርሱ ከተጣፋ በኋላ ነው።

ካልዴራው ራሱ ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ በፊት የፈራረሰ ሰፊ ጎድጓዳ ነው፤ በውስጡ ኡርጂና ጫቢ የተባሉ ታናናሽ እሳተ ገሞራዎች በቅለዋል። እየኖረ የሚተነፍስ ተራራ ነው። በዓመት 6 ሴንቲሜትር ማበጡ «ነገ» ማለት አይደለም፤ «ዝም ብላችሁ አትተዉት» ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ በድንገት ቢቀየር፣ መንቀጥቀጡ ከጥልቅ ወደ ላይ ቢወጣ፣ የእንፋሎቱ ጋዝ ቢለወጥ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከመጡ መድረክ ላይ ሳልጽፍ ስልክ እደውላለሁ።

ሙግት ወዳድ

እሺ፣ በራባውሉ ተረታሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሲያብጥ በውስጡ ማግማ ነው የገባው ወይስ የፈላ ውኃና ጋዝ? አሉቶ ላይ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አለ፤ ውኃው ሞልቷል። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰምጣል። ታዲያ ከላይ ያለው ቅርጽ አንድ ከሆነ ከታች ያለውን በምን ትለዩታላችሁ?

የአራት ኪሎዋ

ይህ የክሩ ሁሉ ዋና ጥያቄ ነው፤ የሚገባውን ያህል ልቆይበት። በቅርጽ ብቻ አይለይም። ሞጊ የሚነግረን የት እና ስንት ነው፤ ምን እንደሆነ አይነግረንም። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ማታ ከዳር የራቀው ሊጥ ጠዋት ኩፍ ብሎ ገንዳውን ሞልቶ ይገኛል። ዱቄት የጨመረበት የለም፤ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ክብደቱ የማታው ነው። ያሳበጠው በውስጡ የተፈጠረ ጋዝ ነው። አንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ዱቄትና ውኃ ጨምሮበት ቢሆን ግን ሚዛኑ ይናገራል። ገንዳውን በዓይን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለይም።

ለካልዴራ ሚዛኑ የመሬት ስበት መለኪያ ነው። መሬቱ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል መሣሪያው ከምድር መሃል ስለሚርቅ የስበቱ ኃይል 31 ማይክሮጋል (የስበት ለውጥ መለኪያ አሃድ) ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ከአጠቃላዩ ስበት ከመቶ ሚሊዮን ሦስት እጅ ብቻ ነው፣ ጥሩ መሣሪያ ግን ይይዘዋል። ከፍታው በጂፒኤስ ከታወቀ በኋላ ስበቱ ልክ በዚህ መጠን ብቻ ከቀነሰ፣ አዲስ ክብደት አልገባም፤ ሊጡ ራሱ ነው ኩፍ ያለው። ከዚህ ያነሰ ከቀነሰ ወይም ጭራሹን ከጨመረ፣ ከታች ክብደት ተጨምሯል፤ ማግማ ገብቷል። አስቸጋሪው ነገር የዝናብ ወቅት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ሲልም ስበቱ ስለሚጨምር፣ ልኬቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ወር ገደማ ተመላልሶ መሠራቱ ነው። በግንቦት የለካ ሰው በነሐሴ ልኬት ማወዳደር የለበትም።

ካምፒ ፍሌግሬይ ላይ ራሱ ይህ ክርክር ከ1980ዎቹ ጀምሮ አልተቋጨም፤ ማግማ ነው የሚሉና ከማግማው የሚወጣው ጋዝ የላይኛውን ውኃ እያሳበጠው ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙዎች የሁለቱ ድብልቅ ነው ወደሚለው ያዘነብላሉ። እኔም በአሉቶ ላይ ወደዚያው አዘነብላለሁ፤ የመጀመሪያው ፈጣን እብጠት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለ ጥልቅ ምንጭ ሲመጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝግ ያለ መስመጥ ግን ሙቀትና ጋዙ እየወጣ እንዳለ ይመስላል።

ባለ ሌቭል

በሊጡ ምሳሌ ባለቤቴ ተደሰተች፤ ጮክ ብዬ አንብቤላት ነበር። «እርሾውን ግን ማን ጨመረው?» ብላ ጠይቃለች።

ስድስተኛ ፎቅ

አመሰግናለሁ፤ ከባለቤትዎ ጥያቄ የበለጠ ጥያቄ የለኝም። ግን የፈንታሌ ነገር ከኮርቤቲ እንዴት ይለያል? እኛን ከአልጋ ያስነሣን እሱ አይደለምን?

የአራት ኪሎዋ

ይለያል። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል በ2017 ዓ.ም. የታየው ክብ ከረጢት መነፋት ሳይሆን ማግማ ቀጥ ባለ ስንጥቅ ወደ ጎን መዝለቁ ነው፤ ባለ ሙያዎች ዳይክ ይሉታል። ከላይ ሲታይ ቅርጹ ክብ እብጠት አይደለም፤ ሁለት ትከሻ ከፍ ብሎ በመሃል ረጅም ቦይ ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ዳይክ አለቱን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ መንቀጥቀጥ ይበዛል፤ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የተመዘገበው በዚያ ነው። በዶፈን የወጣው እንፋሎትና ጭቃ ነበር፤ ላቫ አልፈሰሰም። በአፋር ዳባሁ በ1998 ዓ.ም. የታየው ዳይክ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመትና እስከ 8 ሜትር ስፋት የነበረው ሲሆን፣ እዚያም ከተከፈተው ውስጥ ወደ ላይ የወጣው እጅግ ጥቂት ነበር። ካልዴራ ያላቸው ተራሮች ማግማቸውን እንዲህ በጎን ሲያስተላልፉ የራሳቸው ወለል ሊሰምጥም ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ እብጠት፣ ከእሱ አጠገብ መስመጥ ብታዩ አንዱ ስሕተት ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

የበሰቃ ሐይቅ ለዓመታት እየሰፋ መሄዱን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የሐይቁ መስፋት በዋናነት ከመስኖና ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው፤ በዚህ ክር ላይ ባናደባልቀው ጥሩ ነው።

ስድስተኛ ፎቅ

የተማርኩትን ሞክሬዋለሁና ውጤቱን ልንገራችሁ። ሥዕሉን ለጥፎት የነበረውን ሰው ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት፤ ከሌላ ቡድን፣ ከዚያም ከሌላ ቡድን። በመጨረሻ ከነመግለጫው ያለውን አገኘሁ። ሁለት ቀኖች አሉበት፤ አንደኛው በጋ፣ ሁለተኛው ክረምት ነው። የእንግሊዙ የኮሜት ጥናት ቡድን በየእሳተ ገሞራው የሚያወጣቸውን ሥዕሎች በነፃ እንደሚያሳይ ከዚህ ቀደም ሰምቼ ስለነበር፣ ገብቼ ያንኑ ተራራ ፈለግሁ። ያችን የክረምት ቀን ከያዙት ሥዕሎች በሦስቱ ላይ ቀለበቶቹ አሉ፤ ያችን ቀን በማይዙት ላይ ግን የሉም። ቀለበቶቹን ከተራራው ካርታ ጋር ሳስተያይ ደግሞ ከከፍታው መሥመሮች ጋር ልክ እንደ ጥላ ይሄዳሉ። ይህ የእብጠት ነው ወይስ የአየሩ?

የአራት ኪሎዋ

የአየሩ ነው። በዚያች ቀን በሸለቆው ላይ እርጥበት ተኝቶ ነበር፤ የተራራው ጫፍ ከእርጥበቱ በላይ ስለሚወጣ ሞገዱ ከሸለቆው ይልቅ ከጫፉ ቶሎ ይመለሳል፣ ስለዚህም ቀለሙ የከፍታውን መሥመር ይከተላል። እውነተኛ እብጠት ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ በተወሰዱት ላይም ሳይጠፋ ይቀር ነበር። ለጎረቤትዎ ይህን ይንገሯቸው፤ ልጆቹም ትምህርት ላይ ይቆዩ።

ባለ ሌቭል

ሦስት ሥዕል አስተያይቶ ስሕተቱን በራሱ ያገኘ ሰው ቀያሽ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው።

አወያይ

ሥዕሉ ቀንና መግለጫ ስለሌለው ከክሩ አንሥተነዋል፤ የተስተካከለውና ከነቀኑ ያለው በስድስተኛ ፎቅ መልእክት ውስጥ ተተክቷል።

ቆርቤቲ ማዶ

እናቴን ደውዬ ነበር። ስለ ኮርቤቲ ስነግራቸው ሳቁና፣ ያለፈው ሳምንት የጂፒኤስ ምሰሶ ለመትከል የመጡ ልጆች ከጎረቤት ማሳ ጫፍ ሲቆፍሩ ቡና አፍልተውላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ምሰሶውን ከብት እንዳይነካው አጥር እንዲያጥሩለት የአጎቴን ልጅ አዝዘውታል።